ለአንድ የከንቲባ ወንበር አራት ምርጫ፦ የብሪጅፖርት ክርክር በቀላል አማርኛ

ብሪጅፖርት በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ውስጥ በሕዝብ ብዛት ቀዳሚዋ ከተማ ናት፤ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ አላት። ይህች ከተማ ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ለአንዲት የከንቲባ ወንበር አራት ጊዜ ድምፅ ሰጥታለች፦ ሴፕቴምበር 12 እና ኖቬምበር 7 ቀን 2023፣ ከዚያም ጃንዋሪ 23 እና ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2024። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አራቱንም ጊዜ በቆጠራው ቀድሞ የወጣው ያው ሰው፣ ከንቲባው ጆ ጋኒም ነው። በመሃል ግን አንድ ዳኛ የመጀመሪያውን ምርጫ ሰርዞ እንዲደገም አዝዟል።

ጉዳዩን ከሩቅ የሰማ ሰው ሁለት ጥያቄ ያነሳል። ማጭበርበር ከነበረ አሸናፊው ለምን ወንበሩ ላይ ቀረ? ማጭበርበር ካልነበረ ደግሞ ዳኛው ምርጫውን ለምን ሰረዘ? ሁለቱም ጥያቄዎች ፍርድ ቤቱ ያልጠየቀውን ነገር ይጠይቃሉ። የምርጫ ክርክር የሚያይ ዳኛ “ማን አጭበረበረ?” አይልም፤ “በእርግጥ ያሸነፈው ማነው?” የሚለውን እንኳ የግድ መመለስ የለበትም። የሚጠይቀው “በእጃችን ካለው ነገር ተነስተን ማን እንዳሸነፈ ማወቅ እንችላለን ወይ?” ብሎ ነው። መልሱ “አንችልም” ከሆነ ምርጫው ይደገማል። የብሪጅፖርት ታሪክ በሙሉ ከዚህ አንድ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አጠራሩ አንድ ነገር። ሰው ሲሞት፣ ሲለቅ ወይም ሲባረር ባዶ የቀረን ወንበር ለመሙላት የሚደረገው የማሟያ ምርጫ ነው። በብሪጅፖርት የሆነው ከዚህ ይለያል፤ ወንበሩ አንድም ቀን ባዶ አልነበረም። የተደረገው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ድጋሚ ምርጫ ነው። ዜና ላይ ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል፤ መነሻቸውና የሚመሩበት ሕግ ግን የተለያየ ነው።

ቁጥሮቹ

ተፎካካሪዎቹ ሁለቱም ዴሞክራቶች ናቸው። ጆ ጋኒም ከ1991 ጀምሮ ከንቲባ ነበር፤ በ2003 በሙስና ተፈርዶበት ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ፤ ከወጣ በኋላ በ2015 ሕዝቡ መልሶ መረጠው። ጆን ጎምስ ደግሞ በእርሱ አስተዳደር ውስጥ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ከተማዋ አጥብቃ ዴሞክራት ስለሆነች የፓርቲው የውስጥ ምርጫ፣ ማለትም ፕራይመሪው፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጠቡ የተነሳው ኖቬምበር ላይ ሳይሆን ሴፕቴምበር ላይ ነው።

የሴፕቴምበሩ ውጤት ጋኒም 4,212፣ ጎምስ 3,961 ነበር። ልዩነቱ ከ8,173 ድምፅ ውስጥ 251 ነው። ነገሩን ያከረረው ድምፁ በምን መንገድ እንደመጣ ሲታይ ነው። በፖስታ ድምፅ (መራጩ ምርጫ ጣቢያ ሳይሄድ በፖስታ አሽጎ በሚሰጠው ድምፅ) ጋኒም 1,545፣ ጎምስ 779 አግኝተዋል። ይህ ከጠቅላላው ሲቀነስ ምርጫ ጣቢያ በአካል ሄደው በሰጡት ዘንድ ጎምስ በ3,182 ለ2,667 ይመራ ነበር ማለት ነው፤ በ515 ድምፅ። ከአጠቃላዩ ድምፅ ከሩብ በላይ የሚሆነው በፖስታ የመጣ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የፖስታ ድምፅ ከሚጠቀሙት ውስጥ አረጋውያንና ሕሙማን አሉበት፤ አንድ ዕጩ በእነርሱ ዘንድ ተወዳጅ ቢሆን ወይም የቅስቀሳ ቡድኑ እዚያ ላይ በርትቶ ቢሠራ እንዲህ ያለ ልዩነት በሕጋዊ መንገድ ሊመጣ ይችላል። በ2019ም ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። ማሪሊን ሙር የተባሉት ዕጩ በምርጫ ጣቢያ አሸንፈው በፖስታ ድምፅ ተሸነፉ፤ ደጋፊዎች ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም። በ2023 የተለየው በድምፅ መቀበያ ሳጥኖቹ ላይ ካሜራ መኖሩ ነው።

የፖስታ ድምፅ መንገድ

ክርክሩን ለመረዳት አንዲት የድምፅ መስጫ ወረቀት ከቤት እስከ ቆጠራ የምትሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ምርጫ ቦርድን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ አንድ ማዕከላዊ ተቋም ቢፈልግ አያገኝም። በኮኔቲከት የመራጮች መዝገብንና የምርጫ ጣቢያን የሚመሩት በየከተማው ያሉ ሬጅስትራሮች ናቸው፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዴሞክራት፣ አንድ ሪፐብሊካን ሆነው የሚመረጡ ናቸው። የፖስታ ድምፅን የሚያስተዳድረው ግን ሌላ ሰው ነው፤ የከተማው ጸሐፊ።

መራጩ መጀመሪያ ማመልከቻ ሞልቶ ይፈርማል። በ2023 ምክንያት ማቅረብ ግዴታ ነበር፦ ሕመም፣ አካል ጉዳት፣ ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት ከከተማ ውጭ መሆን፣ የሃይማኖት ክልከላ፣ የውትድርና አገልግሎት፣ ወይም በሌላ ጣቢያ የምርጫ ሠራተኛ መሆን። “መሰለፍ ይደክመኛል” በቂ አልነበረም። (በኖቬምበር 2024 የግዛቱ መራጮች ይህን ገደብ ማንሳት የሚያስችል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጽድቀዋል።) ማመልከቻውን የቅስቀሳ ሠራተኛ ቤት ለቤት ሊያድል ይችላል፤ አምስትና ከዚያ በላይ የሚያድል ግን አስቀድሞ በከተማው ጸሐፊ ቢሮ መመዝገብ አለበት።

ከዚያ ወረቀቱ በፖስታ ቤት በኩል ለመራጩ ይደርሳል። መራጩ ለብቻው ምልክት ያደርግና በውስጠኛው ፖስታ ያሽጋል፤ ፖስታው ላይ ይፈርማል፤ ያንን ደግሞ በውጭኛው ፖስታ ውስጥ ይከታል። የውስጠኛው ፖስታ ላይ ፊርማ ከሌለ ድምፁ ውድቅ ነው። ሰዎች ድምፃቸውን ሳያውቁት ከሚያጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

መመለሻው ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል። መራጩ ራሱ በፖስታ ይልካል፣ ለጸሐፊው በእጁ ይሰጣል፣ ወይም የከተማው መቀበያ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። ሳጥኖቹ በ2020 በኮቪድ ምክንያት የመጡ ናቸው፤ ብሪጅፖርት አራት ነበሯት፣ በካሜራ ይጠበቁ ነበር። በሌላ ሰው እጅ መላክ የሚፈቀደው በጠባቡ ነው፦ ለቅርብ ቤተሰብ፣ ወይም ለታመመና አካል ጉዳት ላለበት መራጭ ለሚንከባከበው ሰው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ለፖሊስ ወይም ለሬጅስትራር። ጎረቤት አይችልም። የቅስቀሳ ሠራተኛ አይችልም። ዕጩውም ሆነ ወኪሉ መራጩ ወረቀቱን ሲሞላ አጠገቡ መገኘት እንኳ አይፈቀድለትም። ሁሉም ወረቀት በምርጫው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት፣ ጣቢያዎች ሳይዘጉ፣ መድረስ አለበት።

ሕጉ የሚጣሰውም ብዙውን ጊዜ እዚህ መመለሻው ላይ ነው። አካሄዱ የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው የአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃ ይሄዳል፣ ማመልከቻ ያስሞላል፤ ይህ ሕጋዊ ነው። ወረቀቱ መቼ እንደሚደርስ ያውቃልና በዚያ ሰሞን ተመልሶ ይመጣል፤ “ልርዳዎት፣ እኔ አደርስልዎታለሁ” ይላል። በዚያች ቅጽበት ወንጀል ተጀመረ። መራጩ በሙሉ ፈቃዱ የመረጠ ቢሆን እንኳ በማይፈቀድለት ሰው እጅ የሄደ ወረቀት በሕግ ዓይን ጉድለት አለበት። ወረቀቱ ተቀይሮ ይሁን አይሁን፣ መንገድ ላይ የተጣለ ይኑር አይኑር የሚያረጋግጥ የለም፤ ሕጉ የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ሦስት በር

ሰው “ማጭበርበር አይቻለሁ” ሲል የት እንደሚሄድ ብዙ ግራ መጋባት አለ። በኮኔቲከት ሦስት የተለያዩ በሮች አሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የግዛቱ የምርጫ ሕግ አስፈጻሚ ኮሚሽን አቤቱታ ተቀብሎ ይመረምራል፣ ይቀጣል፣ ወንጀል ሲያገኝ ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፋል። ምርጫ መሰረዝ ግን አይችልም። ዐቃቤ ሕግ ሰው ይከሳል፤ እርሱም ውጤት አይቀይርም፤ ክሱም ዓመታት ይወስዳል። ወንበሩን የሚነካው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ለዚያም ከሳሹ ፕራይመሪው በተደረገ በ14 ቀን ውስጥ አቤቱታውን ማስገባት አለበት። ጎምስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሰሰ።

ድጋሚ ቆጠራስ? በዚህ ግዛት ልዩነቱ ከጠቅላላው ድምፅ ግማሽ በመቶ በታች ሲሆን በራሱ ይካሄዳል። ከ8,173 ግማሽ በመቶው 41 ድምፅ ገደማ ነው፤ 251 ደግሞ 3 በመቶ ይሆናል። ቢቆጠርም አይረባም ነበር። ድጋሚ ቆጠራ የሚያርመው የቆጣሪን ስሕተት ነው፤ እዚህ የተጠየቀው ወረቀቶቹ እንዴት እንደተቆጠሩ አልነበረም፣ እንዴት ሳጥን ውስጥ እንደገቡ ነው። አሥር ጊዜ ቢቆጠሩ አሥር ጊዜ ያው 251 ይወጣል። “ድጋሚ ይቆጠርልን” የሚል ሰልፍ በየአገሩ እናያለን፤ ግማሹ የተሳሳተ መድኃኒት መጠየቅ ነው።

ዳኛው ያየው

ከሳሽ ሁለት ነገር ማሳየት ነበረበት፦ ሕግ በጉልህ እንደተጣሰ፣ እና በዚያ ምክንያት ውጤቱ ከባድ ጥርጣሬ ውስጥ እንደገባ። ወረቀቶቹ ለማን እንደተሰጡ ማሳየት አይጠበቅበትም። መለኪያው 251 ነው፤ አጠራጣሪዎቹ ወረቀቶች 60 ቢሆኑ ክሱ ይወድቅ ነበር፣ ድርጊቱ ምንም ያህል አሳፋሪ ቢሆን።

ከሳጥኖቹ ካሜራ የተገኘው ቅጂ ለብዙ ሰዓት ተመረመረ። ከፕራይመሪው ቀን በፊት የከተማው ሠራተኛ የሆነች አንዲት የፓርቲው አንቀሳቃሽ በተደጋጋሚ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ስትከት ይታያል፤ ሌላዋ የፓርቲ ሰውም እንዲሁ። ሁለቱም ችሎት ቀርበው በራስ ላይ ላለመመስከር ያላቸውን መብት በመጠቀም አልመልስም አሉ። በወንጀል ችሎት ይህ ዝምታ በማንም ላይ ሊቆጠር አይችልም። በፍትሐ ብሔር ችሎት ግን፣ የምርጫ ክርክርም ፍትሐ ብሔር ነውና፣ ዳኛው ከዝምታው ግምት መውሰድ ይፈቀድለታል።

ከቪዲዮው ይልቅ የከበደው ግን ሒሳቡ ይመስለናል። በከተማው መዝገብ መሠረት በሳጥኖቹ በኩል የገቡት የድምፅ ወረቀቶች ከ1,200 በላይ ናቸው። ካሜራዎቹ ያሳዩት ወረቀት የጨመረ ሰው ግን 420 ገደማ ነው። አንዳንዱ የባለቤቱንና የእናቱን ወረቀት ይዞ መጥቶ ይሆናል፤ ይህ ሕጋዊ ነው። ይህ ሁሉ ተቀንሶም የሚቀረው ክፍተት ከ251 በብዙ ይበልጣል። ዳኛ ዊልያም ክላርክ ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ፕራይመሪው እንዲደገም ወሰነ። ቪዲዮዎቹ ለፍርድ ቤቱ አስደንጋጭ እንደሆኑ፣ ለሁሉም ተከራካሪዎች ሊያስደነግጡ እንደሚገባም ጻፈ። በውሳኔው ውስጥ ከንቲባው ራሱ አዘዘ የሚል ግኝት የለም። ደጋፊም ተቃዋሚም ይህን ነጥብ ሲዘሉት ይታያል።

መቀነስ ለምን አልተቻለም?

“መጥፎዎቹን ወረቀቶች ለይቶ አውጥቶ የቀረውን መቁጠር አይቀልም ወይ?” ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ የድምፅ ምስጢራዊነት ውስጥ አለ። ቆጣሪዎች የውስጠኛውን ፖስታ ፊርማ አይተው፣ ስሙን መዝገብ ላይ አመሳክረው ይከፍቱታል፤ ወረቀቱ ከፖስታው ተለይቶ ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፤ መኖርም የለበትም። ጤፍ ውስጥ የገባ አሸዋ ነው፣ አንዴ ከተደባለቀ በእጅ አይለቀምም። ፖስታን መቃወም የሚቻለው ሳይከፈት በፊት ነው፤ የዕጩ ተወካዮች በዚያች ሰዓት በቦታው መገኘታቸው ትልቅ ዋጋ ያለውም ለዚህ ነው።

ሌላው መንገድ የፖስታ ድምፁን በጅምላ መጣል ነው። ይህም ተደርጎ ያውቃል። በማያሚ የ1997 የከንቲባ ምርጫ ኻቪየር ስዋሬዝ ጆ ካሮሎን አሸንፎ ወንበሩን ያዘ። በፖስታ ድምፅ ላይ የተደራጀ ማጭበርበር በማስረጃ ታየና በማርች 1998 የመጀመሪያው ዳኛ ምርጫው ይደገም አለ። ቀናት ሳይቆዩ የይግባኙ ፍርድ ቤት ድጋሚውን ሽሮ የፖስታውን ድምፅ በሙሉ ጣለና ወንበሩን ያለ ምርጫ ለካሮሎ ሰጠ። በዚህ ስሌት ቢሄዱ ብሪጅፖርት ላይ ጎምስ በ515 ያሸንፍ ነበር።

የትኛው ይሻላል? የማያሚው መንገድ ፈጣን ነው፤ አጭበርባሪው ከሥራው እንዳይጠቀም ያደርጋል። ነገር ግን አልጋ ላይ ሆነው በሕጉ መሠረት የመረጡ ሰዎች ድምፅም አብሮ ይጣላል፤ ብሪጅፖርት ላይ ቢሠራ 2,324 ሰው ዋጋ ይከፍል ነበር፣ ከእነርሱም ብዙው ምንም ያላጠፋ። በእኛ ግምት መድገሙ ውድና አድካሚ ቢሆንም ንጹሑን ሰው አይቀጣም።

በመሃል የተደረገው ኖቬምበር

ነገሩን ያወሳሰበው ቀኑ ነው። ውሳኔው የወጣው አጠቃላዩ ምርጫ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። ዳኛው ፕራይመሪውን የመሰረዝ ሥልጣን አለው፤ አጠቃላዩን ምርጫ ማስቆም ግን ከሥልጣኑ ውጭ እንደሆነ ገለጸ። ስለዚህ ሕዝቡ ኖቬምበር 7 ቀን፣ የሚሰጠው ድምፅ ላይቆጠርለት እንደሚችል እያወቀ፣ ወጥቶ መረጠ። ጎምስ በሌላ ትንሽ ፓርቲ ስም ወረቀቱ ላይ ነበር። ጋኒም በ179 ድምፅ በለጠው።

ውጤቱ ግን ዕጩውን የለየው ፕራይመሪ ስለተሰረዘ ሊጸና አልቻለም። ፕራይመሪው ጃንዋሪ 23 ተደገመ፤ ጋኒም አሸነፈ። አጠቃላዩ ፌብሩዋሪ 27 ተደገመ፤ አሁንም ጋኒም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከንቲባው በሥራው ላይ ነበር።

እዚህ ላይ የድጋሚ ምርጫ ደካማ ጎን ይታያል። ድጋሚው የሴፕቴምበሩን ምርጫ መልሶ አያመጣውም። በጃንዋሪ ብርድ የሚወጣው ሕዝብ ሌላ ነው፣ ዜናው ሌላ ነው፣ ገንዘብ ያለቀበት ዕጩ አለ፣ “ደግሞ ዛሬም?” ብሎ ቤቱ የቀረ መራጭ አለ። ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ደግሞ ከንቲባ ሆኖ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ጋኒም መልሶ ማሸነፉ የመጀመሪያው ምርጫ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም፤ ዳኛው ተሳስቷል ማለትም አይደለም። ሴፕቴምበር 12 ማን እንዳሸነፈ ዛሬም አይታወቅም።

የዐቃቤ ሕጉ በር ደግሞ በራሱ ፍጥነት ሄደ። በጁን 2024 አራት ሰዎች ላይ የወንጀል ክስ ተመሠረተ፤ የሚገርመው ጉዳዩ የ2023 ሳይሆን የ2019ኙ ፕራይመሪ ነበር። የ2023ን የሚመለከቱ ክሶች የመጡት በፌብሩዋሪ 2025 ነው፤ ከተከሳሾቹ ውስጥ የከተማው ምክር ቤት አባላት ይገኙበታል። ክስ ፍርድ አይደለም። ግን መዘግየቱን ልብ ማለት ይገባል፤ የአንድ ምርጫ የወንጀል ፋይል ሲከፈት ቀጣዩ ምርጫ ተደርጎ አልፏል።

ወላጅና ጎረቤት ለሚረዳ ሰው

አሜሪካ ባሉ የእኛ ሰዎች ዘንድ ለእናትና አባት፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ አዛውንት ቅጽ መሙላት የልጆች ሥራ ነው። በቅንነት የሚደረግ ነገር ወንጀል እንዳይሆን ጥቂት ነጥቦችን ማወቅ ይጠቅማል።

የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳት ያለበት ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠው ሰው እንዲረዳው ይፈቅዳል። አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ግን ሊሆን አይችልም። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትዎን ወረቀቱን ሲያነቡላቸው በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነዎት። ምርጫውን የሚያደርጉት እርሳቸው ናቸው፤ ፊርማውም የእርሳቸው ነው። በእርሳቸው ስም መፈረም፣ እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ እንኳ ቢሆን፣ አይሞከርም፤ መፈረም ለማይችል ሰው የተዘጋጀውን መንገድ የምርጫ ቢሮውን ይጠይቁ።

መርዳትና መውሰድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የታሸገ ፖስታ ማን ሊያደርስ እንደሚችል እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው፤ አንዱ ቤተሰብ ብቻ ይላል፣ ሌላው የውክልና ቅጽ ይጠይቃል። በሕንፃው ያሉትን የሐበሻ አዛውንቶች ወረቀት ሰብስቦ በአንድ ጉዞ ማድረስ ለሰብሳቢው ደግነት ነው፤ በኮኔቲከት ሕግ ግን ካሜራው ፊት የሚያስቆም ጥፋት ነው። የሚሻለው ሰዎቹን በመኪና ወስዶ እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው እንዲጨምሩ ማድረግ ወይም ፖስተኛው እንዲወስደው መተው ነው። ለአንድ ዕጩ የሚሠራ ሰው ከሆኑ ደግሞ ወረቀቱ ሲሞላ ከክፍሉ ይውጡ።

አጠራጣሪ ነገር ያየ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሳጥኑን ቦታና ያየውን ብቻ ይጻፍ፤ “ያጭበረበሩ ይመስለኛል” ሳይሆን “ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ብዙ ፖስታ ሲጨምር አየሁ”። አቤቱታውን ለኮሚሽኑ ማስገባት ይችላል፤ ወንበሩ እንዲነካ ከተፈለገ ግን መረጃው ዕጩው ወይም ጠበቃው ዘንድ ወዲያው መድረስ አለበት። የካሜራ ቅጂ ተጠይቆ፣ ተወስዶ፣ ታይቶ፣ ከመዝገብ ጋር እስኪመሳከር ጊዜ ይወስዳል፤ 14ኛው ቀን ሲያልፍ ያው ማስረጃ ለዐቃቤ ሕግ እንጂ ለምርጫው ዳኛ አይሆንም።